ለሻምበል የተላኩ ሽማግሌዎች

ለእስስቴ ሽማግሌ የተላከ ዕለት ስምንት ዓመቴ ነበር። ሁለቱ ከራቫት ያሰሩ፣ አንዱ ጥምጥማቸውን ያሳመሩ ቄስ፣ እሑድ ረፋዱ ላይ ቦሌ ሚካኤል ያለው ቤታችን ድረስ መጥተው አያቴ ፊት ቆመው ሲለምኑ በዓይኔ በብረቱ አይቻለሁ። ታሪኩን ትምህርት ቤት ያላወራሁለት ሰው የለም። ሄርሞን የምትባል የክፍሌ ልጅ «ለእስስት ደግሞ ማን ሽማግሌ ይልካል?» ብላ ስለሳቀችብኝ እስከ ፈተና ድረስ አኩርፌያታለሁ። እኔ ያየሁትን አይቻለሁ፤ እሷ ምን ታውቃለች?

አሁን ትልቅ ሰው ስለሆንኩ ሽማግሌዎቹ ለማን እንደመጡ አውቃለሁ። የመጡት አክስቴን ማዕዛን ለመጠየቅ ነው። የላካቸው ደግሞ የእስስቴን ቤት የሠራው ተስፉ ነው። ይህን ከመጀመሪያው የምናገረው አንባቢ እንደኔ እንዳይሸወድ ብዬ እንጂ፣ እኔ እንኳ በዚያ ዕድሜዬ የተሸወድኩት በደንብ ነው፣ በሙሉ ልቤ ነው፤ አይቆጨኝምም።

ነገሩ የጀመረው በድንቡሼ ነው። ድንቡሼ ግቢያችን ውስጥ ካለው ጌሾ ላይ ያገኘኋት አረንጓዴ እስስት ናት። ዝናብ ካባራ በኋላ ቅጠሎቹ መሃል ተቀምጣ አንዱን ዓይኗን ወደኔ፣ ሌላውን ወደ አጥሩ አድርጋ ስታየኝ እዚያው ወደድኳት። እጄን ስዘረጋላት ቀስ ብላ ወጣችበት። እግሯ ይቆነጥጣል፤ ቀዝቃዛ ነው። ይዣት ወደ ቤት ስገባ እናቴ የያዘችውን ሰሃን ጣለች። ጎረቤታችን እትዬ ወርቅዬ ለሦስት ወር ያህል በራችን ጋ ሲደርሱ እያማተቡ በመንገዱ በዚያኛው ጠርዝ ነበር የሚያልፉት። ቤቱ የአያቴ የአቶ ኃይለኪሮስ ነው፤ እናቴና ማዕዛ በትግርኛ «አቦይ»፣ አባቴ፣ ስለሚሏቸው እኔም አቦይ ነው የምላቸው። ከጉምሩክ ጡረታ ከወጡ ወዲህ በረንዳው ላይ ሬዲዮናቸውን ይዘው ይውላሉ። ሁሉም ሲጮህ እሳቸው መነጽራቸውን አውልቀው ድንቡሼን አዩና «ከበረንዳ እንዳታልፍ» ብለው ፈረዱ። የአቦይ ቃል ደግሞ አንዴ ከወጣ አይመለስም።

ተስፉ የመጣው የኩሽናውን መስኮት ሊቀይር ነው። ከቤታችን ሁለት ቅያስ ዝቅ ብሎ የአሉሚኒየም በርና መስኮት መሥሪያ ነበረው። የዚያን ቀን ማዕዛ መገናኛ ካለው ፋርማሲዋ ገና መግባቷ ነበር። እኔ አጠገቧ ቆሜያለሁ፤ ድንቡሼ ትከሻዬ ላይ ናት። ተስፉ ሜትሩን እንደዘረጋ ቀና ሲል ደርቆ ቀረ። አፉ ተከፈተ። ሜትሩ ተመልሶ ሲጠቀለል ጣቱን መታው፤ ግን አልተሰማውም። እኔም ለመጀመሪያ ጊዜ ድንቡሼን የሚያደንቅ ሰው አገኘሁ ብዬ ደረቴ ተነፋ።

ዛሬ ስጠይቀው «ሁለቱም በአንድ ጊዜ መጡብኝ» ነው የሚለው። ማዕዛን እንደዚያ ቆንጆ ሰው አይቶ አያውቅም ነበር። እስስት ደግሞ ከልጅነቱ ጀምሮ ስሟ ሲጠራ እንኳ ጀርባውን የሚወረው ፍጥረት ናት። ሊሮጥም ሊቀርብም ስላልቻለ ነው የደረቀው።

«ይህቺ… እንስሳ…» አለ ምራቁን እየዋጠ፤ ዓይኑ ማዕዛ ላይ ነው። «ቤት የላትም?»

«የላትም» አልኩት እኔ። «ካርቶን ውስጥ ነው የምታድረው።»

«እኔ እሠራላታለሁ።»

በቀጣዩ ቅዳሜ የአሉሚኒየም ቤት ተሸክሞ መጣ። ዙሪያው የትንኝ ወንፊት፣ ፊቱ ልክ እንደ ዘመናዊ መስኮት በሐዲድ ላይ የሚንሸራተት በር። ውስጡን በጌሾ ቅርንጫፍ ሞላነው። ጎረቤት የሚያልፍ ሁሉ አጥር ላይ ተንጠልጥሎ ያይ ነበር። ከዚያ ወዲህ ቅዳሜ ቅዳሜ አይቀርም። አንድ ቀን ሐዲዱ ጮኸ ብሎ፣ አንድ ቀን ጣሪያው ፀሐይ ያስገባል ብሎ፣ አንድ ቀን ዝም ብሎ። ድንቡሼ ውሃ ከሳህን እንደማትጠጣ፣ ቅጠል ላይ የሚንጠባጠብ ብቻ እንደምትልስ ማዕዛ ከስልኳ ላይ አነበበችና ከፋርማሲው የግሉኮስ መስጫ ላስቲክ አመጣች። ማዕዛና ተስፉ ያንን ላስቲክ ጣሪያው ላይ ለመግጠም ሙሉ ከሰዓት ፈጀባቸው። አንድ ቀጭን ላስቲክ ይህን ያህል ጊዜ እንዴት እንደሚወስድ ግራ ገብቶኝ ሦስት ጊዜ «አላለቀም?» ብዬ ጠየቅሁ። ሦስቱንም ጊዜ «ገና ነው» አሉኝ፤ እኩል።

ጋሼ ተስፉ ድንቡሼን ሲነካ ሁልጊዜ ወፍራም የቆዳ ጓንት ያጠልቅ ነበር። እጁ ሻካራ ስለሆነ እንዳያማት ነው ብዬ አሰብኩ። ፊቷን አያይም፤ አክብሯት ነው። ግንባሩን ያልበዋል፤ ሥራ ስለሚወድ ነው። ሲጨርስ እጁን በሳሙና ደጋግሞ ይታጠባል፤ ጨዋ ሰው ስለሆነ ነው። እንዲህ ዓይነት እስስት ወዳድ ሰው በከተማው አይገኝም ብዬ ነበር የማምነው።

ቤቱ እየተስተካከለ፣ የሚሠራበት ነገር እያለቀ ሲመጣ፣ ጋሼ ተስፉ አንድ ቅዳሜ የጫማ ካርቶን ይዞ መጣ። ክዳኑ በሚስማር ተበሳስቷል። ካርቶኑን ከሰውነቱ አርቆ፣ ትኩስ ድስት የያዘ ያህል ነው የያዘው።

«ድንቡሼ ብቻዋን ናት» አለ። «ሐምዛ የሚባል ደንበኛዬ አጥሩ ላይ አግኝቶት ነው። ወንድ ነው።»

ክዳኑን ስከፍተው ከድንቡሼ ረዘም ያለ፣ ደረቱን የነፋ፣ አንድ እርምጃ ለመራመድ ሁለት ጊዜ የሚያስብ እስስት ቀና ብሎ አየኝ። ስሙን እዚያው ሻምበል አልኩት። አንዷን እስስት እየፈራ ሁለተኛ ያመጣው ለምን እንደሆነ አሁን ይገባኛል፤ ቅዳሜዎቹ እንዳያልቁበት ነው። በዚያ ላይ ማዕዛ ከስልኳ ያነበበችልን ነገር ለሱ ሠርግና ምላሽ ነበር።

«አዲሱን ወዲያው አብሮ ማስገባት አይቻልም» አለች። «መጀመሪያ መሃሉ ተከፍሎ ለየብቻ ይቀመጣሉ። ከዚያ ጨርቅ ይሸፈናል። ከዚያ ጨርቁ ትንሽ ትንሽ እየተገለጠ ይተያያሉ። ሴቷ ከጠቆረችና አፏን ከከፈተች አልፈለገችም ማለት ነው፤ መልሶ መሸፈን ነው። አረንጓዴ እንደሆነች ከቆየች ብቻ መሃሉ ይከፈታል።»

«ስንት ጊዜ ይወስዳል?» አለ ጋሼ ተስፉ።

«ብዙ» አለች ማዕዛ፤ ሳቀች።

«ይውሰድ» አለ። እሱም ሳቀ። እኔም ሳቅሁ፤ ምን እንዳሳቃቸው ግን አላውቅም።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ቤቱን መሃል ለመሃል የሚከፍል ሌላ ተንሸራታች ወንፊት ገጠመ። ያን ቀን ግን ደስ ያለው ሰው አልነበረም። መሃሉ እስኪከፈል ብሎ መልሶ የወሰደውን ሻምበልንም ይዞት አልመጣም። ማታ ላይ አቦይ ሬዲዮናቸውን ዘጉና፣ ማንም ሳይጠይቃቸው፣ «እዚህ ግቢ ሌላ አይገባም» አሉ። «ያለነው እንበቃለን።»

ማዕዛ ተነስታ ጓዳ ገባች። ተከትያት ስገባ ዓይኗ ቀልቷል። ሻምበልን ይህን ያህል እንደወደደችው አላውቅም ነበር። አቀፍኳትና «አይዞሽ ማዕዚ፣ ሌላ እስስት እንፈልጋለን» አልኳት። እያለቀሰች ሳቀች፤ ከዚያ የባሰ አለቀሰች።

እኔ ትምህርት ቤት ሳለሁ በዚያው ሳምንት ሽማግሌዎች መጥተው ተመልሰው ነበር። አቦይ «የምሰጣት ልጅ የለችኝም» ብለው አሰናብተዋቸው ነው። ምክንያቱን ከእናቴ የሰማሁት ካደግሁ በኋላ ነው። ማዕዛ ከዚያ በፊት አብኔዘር ለሚባል ሰው ታጭታ ነበር። አዳራሽ ተይዞ፣ ካርድ ተበትኖ፣ ሠርጉ ሊደርስ ሲል አብኔዘር ስልኩን ዘጋ። ለተጠሩት ሰዎች አንድ በአንድ እየደወሉ «ሠርጉ ቀርቷል» ያሉት አቦይ ራሳቸው ናቸው። ሕይወታቸውን ሙሉ ቀና ብለው የሄዱ ሰው ናቸው። ልጄን ሁለተኛ አላዋርድም ብለው ማሉ። ማዕዛ ደግሞ «አቦይ እምቢ ካለኝ አላገባም» ብላ ለተስፉ ነገረችው። ሽማግሌዎቹ እንደገና ይሄዳሉ፤ ሁለተኛም ከተመለሱ ያበቃለታል።

እኔ ሻምበልን ልጠይቅ ከትምህርት ቤት ስመለስ ወደ ጋሼ ተስፉ ሥራ ቦታ ጎራ አልኩ። ወለሉ በአሉሚኒየም ፍቅፋቂ ያብረቀርቃል። ሻምበል መስኮቱ ጋ በተሰቀለ ቅርንጫፍ ላይ ነው፤ ጋሼ ተስፉ ደግሞ ከክፍሉ ወዲያኛው ጥግ፣ የቻለውን ያህል ርቆ ይሠራል።

«አቦይ አይገባም ብለዋል» አልኩት።

«ሰምቻለሁ።»

«ታዲያ ምን ይሻላል?»

«እንደገና ሽማግሌ እንልካለን።»

«ለአቦይ?»

«ለአቦይ።»

ሻምበልን አየሁት። ሻምበልም በአንድ ዓይኑ አየኝ። ሽማግሌ ሲላክ ሰምቻለሁ፤ ሁለት ሰዎች ሲጣሉ ይላካል፣ ሰው ቤት ገብቶ አንድ ነገር ለመለመን ይላካል። ለሻምበል መላኩ ተገቢ ሆኖ ታየኝ። «እምቢ ካሉስ?» አልኩ።

ድሪሉን አጠፋ። «እምቢ ካሉማ አበቃ ሉዬ። ከዚያ በኋላ ቤታችሁ አልመጣም።»

ይህ ለኔ የዓለም መጨረሻ ነበር። ጋሼ ተስፉ ካልመጣ ቅዳሜ ቅዳሜ አይሆንም። እስከ እሑድ ድረስ ብይ የተባልኩትን ሁሉ በልቼ፣ ታዘዢ የተባልኩትን ሁሉ ታዝዤ ሰነበትኩ፤ እግዚአብሔር እንዲያይልኝ ብዬ።

እሑድ ደረሰ። ሳሎኑ ከወትሮው በላይ ተወልውሏል። እናቴ ኩሽና ሆና ትእዛዝ ትሰጣለች፤ ማዕዛ መኝታ ቤት ገብታ አልወጣችም። እኔ «ከጓዳ እንዳትወጪ» ተብዬ ነበር፤ ስለዚህ በኮሪደሩ መጋረጃ ስር አንድ ዓይኔን አውጥቼ ቆምኩ።

ከፊት የገቡት የተስፉ ጎረቤት ጡረታ የወጡ አስተማሪ አቶ ገረመው ናቸው፤ ድምፃቸው ከደረታቸው ሳይሆን ከምድር ቤት የሚወጣ ነው የሚመስለው። አጠገባቸው የብረታ ብረት ሱቅ ያላቸው አቶ ኑሪ አሉ፤ ከኋላ ቄሱ። ሰላምታው አለቀ፣ ተቀመጡ፣ ስለ ዝናቡ ተወራ። ከዚያ አቦይ «ታዲያ ምን እግር ጣላችሁ?» አሉ፤ ምን እንደጣላቸው በደንብ እያወቁ።

ሦስቱም ብድግ አሉ።

«የመጣነው ለቁም ነገር ነው አቶ ኃይለኪሮስ» አሉ አቶ ገረመው። «ባለፈው መልሰውናል። ቅር አላለንም፤ ሽማግሌ ነን። ዛሬም መልስዎን እስክንሰማ አንቀመጥም። ልጃችን ጨዋ ነው። ዝምተኛ ነው። ሱስ የሚባል ነገር አያውቅም።»

ልክ ነው፤ ሻምበል ሲያጨስ ማንም አላየውም። ሽማግሌዎቹ ሥራቸውን እንደሚያውቁ ገባኝ።

«ሠርቶ የሚያድር ነው» አሉ አቶ ኑሪ። «ከጠዋት እስከ ማታ ሥራ ነው። እጁ አያርፍም።»

ይህቺኛዋ ተጋነነች። ሻምበል ቀኑን ሙሉ ቅርንጫፍ ላይ ተቀምጦ ዝንብ ነው የሚጠብቀው። አቦይ ነቅተው እንዳይቆጡ ሰጋሁ።

አቦይ ቀስ ብለው ተናገሩ።

«ያኛውም ሲመጣ ጨዋ ነው ተብሎ ነው የመጣው። ዝምተኛም ነበር። ከሄደም በኋላ ዝም እንዳለ ቀረ።» መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጴዛው ላይ አኖሩት። «እናንተን አከብራለሁ። ግን ይሄኛውስ እንደማይሄድ በምን ልወቅ?»

«ዋሱ እግዚአብሔር ነው» አሉ ቄሱ።

«ያኔም እንዲሁ ነው የተባልኩት፣ አባ።»

የሽማግሌዎቹ ጫማ ምንጣፉ ላይ ሲቁነጠነጥ አየሁ። ከድንቡሼ በፊት እስስት እንደነበረንና ጥሎን እንደሄደ የሰማሁት ያን ቀን ነው፤ በጣም አዘንኩላቸው። ግን ደግሞ ስህተቱ ታየኝ። ሰዎቹ ወሬ ብቻ ነው ይዘው የመጡት። ሻምበልን ማን ይዞት መጣ? አቦይ ድንቡሼንም ቢሆን መነጽራቸውን አውልቀው ካዩዋት በኋላ አይደል የፈቀዱት?

በጓሮ በር ወጥቼ ሮጥኩ።

ጋሼ ተስፉ ሥራ ቦታው ውስጥ ሙሉ ልብስ ለብሶ ንጹሕ ወለል ይጠርጋል። ጠያቂው ራሱ ሽማግሌዎቹ ባሉበት አይገኝም፤ ወግ ነው። መልሱን እዚያው ሆኖ ይጠብቃል። ሲያየኝ መጥረጊያውን ለቀቀው።

«አልቻሉም» አልኩት እያለከለክሁ። «ቆመዋል፤ አቦይ እሺ አላሉም።»

ተገልብጦ በተቀመጠ ቆርቆሮ ላይ ቁጭ አለ። እንደዚያ የተሰበረ ፊት ከዚያ በፊት አይቼ አላውቅም። እኔ ግን ለማዘን ጊዜ አልነበረኝም። ሻምበልን ከነቅርንጫፉ አውርጄ ካርቶኑ ውስጥ አስገባሁና ወጣሁ።

«ሉዬ! የት ነው? ተይ! ሉዬ፣ ክዳኑን ያዢው!»

እኔ ከፊት፣ ሙሉ ልብስ የለበሰ ጎረምሳ ከኋላ። እሑድ የሚንሸራሸር ሰው ሁሉ ቆሞ አየን። እትዬ ወርቅዬ «ምን ወሰደችበት?» ሲሉ ሰማሁ። ግቢውን አልፌ፣ በረንዳውን አልፌ፣ ሳሎን ዘው አልኩ። «አቦይ፣ ይዩት! ምንም አያደርግም! ይዩትና ይወስኑ!» ብዬ ካርቶኑን ከፍ ሳደርግ የምንጣፉ ጫፍ ጠለፈኝ።

ካርቶኑ አቶ ገረመው እግር ስር ወደቀ፣ ሻምበልም ወጣ።

እስስት የቆመ ነገር ካገኘ ይወጣበታል። አቶ ገረመው ደግሞ መልስ እስኪያገኙ አልቀመጥም ያሉ ሰው ናቸው። ሻምበል ጫማቸውን አለፈ፣ ሱሪያቸውን ያዘ፣ ሁለት ጊዜ እያሰበ አንድ ጊዜ እየተራመደ ቀበቷቸው ጋ ደረሰ። ያ የምድር ቤት ድምፅ ጠፋ። በቀጭን ድምፅ «አውርዱልኝ» አሉ። ቄሱ መስቀላቸውን አወጡ። አቶ ኑሪ ወንበር ጀርባ ገቡ። እኔ ከወደቅሁበት ተነስቼ ልይዘው ስል እናቴ ከኋላ ቀሚሴን ጨምድዳ ያዘችኝ።

ጋሼ ተስፉ በሩ ላይ ቆሟል። ወጉ አትግባ ይለዋል። መጋረጃው ተገልጦ ማዕዛ ወጣች፤ እጇ አፏ ላይ ነው። እሷን አየ፣ ሻምበልን አየ፣ ገባ።

ጓንት አልነበረውም። አቶ ገረመው ፊት ተንበርክኮ ባዶ እጁን ዘረጋ። እጁ እንዴት እንደሚርገፈገፍ ከዳር ያለ ሰው ሁሉ ያያል። ዓይኑን ጨፈነ። ሻምበል አንድ እግሩን አነሳ፣ አሰበ፣ ጣቱ ላይ ወጣ። ከጣቱ ወደ ክንዱ፣ ከክንዱ ወደ ትከሻው፣ ከትከሻው አንገቱ ስር ደርሶ ጆሮውን በአንድ እግሩ ጨበጠ። ጋሼ ተስፉ ቀስ ብሎ ተነሳና ቆመ። ላቡ በጉንጩ ይወርዳል። አልተንቀሳቀሰም።

አቦይ ወንበራቸው ላይ ወደፊት ዘንበል አሉ። «ምን ሆነሃል?»

«ምንም አልሆንኩም አባቴ።»

«ትንቀጠቀጣለህ እኮ።»

«እፈራለሁ።»

«ምን?»

«እስስት።»

«ውሸት ነው!» ብዬ ጮህኩ። «ጋሼ ተስፉ እስስት ይወዳል!»

«አልወድም ሉዬ» አለ፤ ዓይኑ እንደተጨፈነ ነው። «ይቅርታ አድርጊልኝ። ከልጅነቴ ጀምሮ ነው የምፈራው።»

ሰማይ ነው የተደፋብኝ። አቦይ ግን እኔን አልሰሙም። «ታዲያ ቅዳሜ ቅዳሜ እዚያ በረንዳ ላይ…? እጅህን እያስገባህ…?»

«አዎ።»

አቦይ ወደ ማዕዛ ዞሩ። «ታውቂ ነበር?»

«ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ አቦይ» አለች። «ሥራ ጨርሶ ሲወጣ የውጭ አጥሩን ተደግፎ ትንፋሹን ሲሰበስብ በመስኮት አየው ነበር። በቃ አይመለስም እላለሁ። ቅዳሜ ይመጣል።»

አቦይ ተስፉን አዩት። ሻምበልን አዩት። መነጽራቸውን አንስተው በሸሚዛቸው ጠረጉና አጠለቁት፣ እንደገናም አዩት።

«ያኛው» አሉ በመጨረሻ፣ «እዚህ ቤት የሚያስፈራው ነገር አልነበረም። ጥሩ ወንበር ሰጠነው፣ ጥሩ አበላነው፣ እየሳቀ ገብቶ እየሳቀ ወጣ። ይሄ ልጅ እየፈራ ነው ሲመላለስ የከረመው።» ዓይናቸው እርጥብ ነበር፤ የሳቸው ዓይን ሲረጥብ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው። ወደ ሽማግሌዎቹ ዞረው እጃቸውን ወደ ሶፋው ዘረጉ። «ተቀመጡ» አሉ።

ቆሞ ለሚለምን ሽማግሌ «ተቀመጡ» ሲባል ምን ማለት እንደሆነ ያላወቅሁት እኔ ብቻ ነበርኩ። እናቴ ቀሚሴን ለቀቀችና እልልታዋን አቀለጠችው። ማዕዛ አቦይ ጉልበት ላይ ተደፋች። አቶ ኑሪ ከወንበሩ ጀርባ ወጥተው ቄሱን አቀፉ። አቶ ገረመው ብቻ ሶፋውን በጥርጣሬ እያዩ «ሌላ የለም አይደል?» ብለው አረጋገጡና ተቀመጡ። ጋሼ ተስፉ መሃል ላይ ቆሞ፣ ዓይኑን ጨፍኖ፣ ሻምበልን አንገቱ ላይ እንዳሰረ፣ ያለቅሳል ይስቃል።

«ሻምበልስ?» አልኩ የአቦይን እጅጌ እየጎተትኩ። «እሱስ ይግባ?»

አቦይ ከልባቸው ሳቁ። «ይግባ ጓለይ፣ ልጄ፤ እሱም ይግባ።»

ሁላችንም ወደ በረንዳ ወጣን። እልልታው የጠራቸው ጎረቤቶች በሩ ላይ ተጠራቅመዋል፤ እትዬ ወርቅዬም እያማተቡም ቢሆን ገብተዋል። ጋሼ ተስፉ በሩን በሐዲዱ ላይ አንሸራተተ፣ በባዶ እጁ ሻምበልን ከአንገቱ አላቀቀ፣ ከመሃሉ ወንፊት ወዲያኛው በኩል አስቀመጠው። ጨርቁን እኔ ሸፈንኩ፤ ማንም እንዳይነካብኝ ተቆጣሁ። ሰው ሁሉ «ይተያዩ፣ ይተያዩ» ሲለኝ ጫፉን ትንሽ ገለጥኩት።

ድንቡሼ ሻምበልን አየች። ከራሷ ጀምራ እስከ ጭራዋ ጠቆረች። አፏን ከፈተች።

«እምቢ አለች እኮ» አሉ አቶ ገረመው።

«እምቢ አላለችም!» አልኩ ጨርቁን እየመለስኩ። «ገና ነው! ትንሽ ትንሽ እያየችው ትለምዳለች!»

«እኔንስ አላያችሁኝም?» አሉ አቦይ፤ በረንዳው በሳቅ ተናጋ።

ድንቡሼ ከአቦይ የባሰች ግትር ነበረች። ጨርቁን ገለጥኩ፣ ሸፈንኩ፣ ገለጥኩ፣ ሸፈንኩ። ጋሼ ተስፉ አንድም ቅዳሜ አልቀረም፤ አሁን ሰበብ አያስፈልገውም፣ ግን ይመጣል። ይፈራል፣ ይመጣል። ስለዋሸኝም ይቅር አልኩት። ከዚያ አንድ ቀን ጨርቁን ሙሉ በሙሉ ብናነሳውም ድንቡሼ አረንጓዴ እንደሆነች ቀረች፤ ሻምበልን በአንድ ዓይኗ አይታ በሌላው ፌንጣዋን መፈለግ ቀጠለች። ማዕዛ የጋሼ ተስፉን ክንድ ያዘች። እሱ መሃሉን ወንፊት ሳበው። ሻምበል አሰበ፣ አንድ እርምጃ ገባ፣ ደግሞ አሰበ። ድንቡሼ ቅርንጫፉ ላይ ትንሽ ፈቀቅ ብላ ቦታ ሰጠችው። ያኔ የጮህኩትን ጩኸት ሚካኤል ቤተ ክርስቲያን ድረስ ሳይሰሙት አይቀሩም።

ማዕዛና ጋሼ ተስፉ ያገቡት ከዚያ በኋላ ነው። ቬሎ ለብሳ ሳያት፣ የሻምበልን ጉዳይ ስላስፈጸሙ ሁለቱንም አቦይ እየሸለሟቸው ነው ብዬ ደስ አለኝ። ነገሩን የተረዳሁት እጅግ ዘግይቼ፣ አንድ ዓመት በዓል ላይ እነሱ ለልጆቻቸው ሲያወሩ ሰምቼ ነው። አሁንም ሲያወሩት የራሳቸው ታሪክ ብቻ አድርገው ነው፤ «ሽማግሌ ላክን»፣ «አቦይን አሳመንናቸው» እያሉ። እኔ ጨርሰው እስኪያወሩ ዝም እላለሁ። ከዚያ ተነስቼ እከራከራለሁ። ሽማግሌዎቹ አቅቷቸው ቆመው ቀርተው ነበር፤ በዚያ ሳሎን በእግሩ ገብቶ፣ በሰው ላይ ወጥቶ ጉዳዩን የጨረሰው ሻምበል ነው። ከዚያ ቀን እልልታም ግማሹ የኔና የእስስቶቼ ነው፤ አንለቅም።